ምዕራፍ ስድስት፦ ዋቢውና ካርዱ

ስለ አንድ ተመራማሪ ቀዶ ሐኪም የሚመሰክሩ ሁለት መዝገቦች አሉ። አንደኛው ያሳተማቸውን ጽሑፎች፣ ሌሎች ተመራማሪዎችም እነዚያን ጽሑፎች ስንት ጊዜ ዋቢ እንዳደረጓቸው ይቆጥራል። ሁለተኛው ካርድ ክፍል መደርደሪያ ላይ ያለው የሕመምተኛው ካርድ ነው፤ በየትኛው ቀን ምን እንደተደረገለት፣ ቁስሉ መቼ እንደደረቀ፣ ተመልሶ ከመጣም በምን ሁኔታ እንደመጣ ይናገራል። የመጀመሪያውን ኢንተርኔት የከፈተ ሁሉ በደቂቃ ውስጥ ያገኘዋል። ሁለተኛው ፈቃድም ጊዜም ይጠይቃል። ስለ ሹመት፣ ስለ ማዕረግ ዕድገት ወይም ስለ ምርምር ገንዘብ ሲወሰን ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው ግን ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። የዚህ ምዕራፍ ክርክር አጭር ነው፤ የዋቢ ቆጠራ አንድ እውነተኛ ነገር ይለካል፣ እሱም ጽሑፉ ምን ያህል እንደተሰማ ነው። ሕመምተኛው ምን እንደሆነ የሚያውቀው ካርዱ ነው፤ ካርዱ ደግሞ ከቆጠራው ቀስ ብሎ ይሞላል። (በምዕራፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዋቢ መቁጠር የተጀመረው ሰውን ለመመዘን አልነበረም። አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ በ1955 ሳይንስ በተባለው ጆርናል ላይ ሐሳቡን ሲያቀርብ የፈለገው የማፈላለጊያ መሣሪያ ነበር፤ አንድ ተመራማሪ ከእሱ በኋላ የመጡት ሰዎች ጽሑፉን ተቀብለው ወዴት እንዳደረሱት ዱካውን እንዲከተል። መሣሪያው በ1964 የሳይንስ የዋቢ ማውጫ ሆኖ ታተመ። ጋርፊልድ ሐሳቡን የተዋሰው ከሕግ ባለሙያዎች ነው። በአሜሪካ ከ1873 ጀምሮ ሼፓርድ በሚባለው ማውጫ ጠበቆች የቀድሞ ፍርዶችን ይመረምሩ ነበር። ማውጫው አንድን ውሳኔ ማን ማን እንደጠቀሰው ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደጠቀሰውም ያመለክታል፤ የተከተለው፣ የነቀፈው፣ የሻረው ተለይቶ ይታወቃል። የጠበቃው ጥያቄ “ይህ ፍርድ ዛሬም ጸንቶ ይቆማል ወይ?” የሚል ስለሆነ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃውም። ሳይንስ ማውጫውን ሲዋስ ቁጥሩን ወሰደ፣ ምልክቱን ተወ። በአማርኛ “ዋቢ” ስንል ማጣቀሻ ብቻ ማለታችን አይደለም፤ ቃሉ ደጋፊን፣ አለኝታንም ያሳስባል። የጥናት ጽሑፍ ግን የሚነቅፈውንም፣ እንደ ወግ የሚያነሣውንም፣ ሳያነብ የገለበጠውንም እኩል “ዋቢ” አድርጎ ይደረድራል።

በ2005 በካሊፎርኒያ የፊዚክስ ሊቅ የሆነው ሆርሄ ሂርሽ ይህን ሁሉ ቆጠራ ወደ አንድ ቁጥር አጠፈው። ኤች-ኢንዴክስ ይባላል፤ ስሌቱም ቀላል ነው። አንድ ሐኪም 20 ጽሑፎች ቢኖሩት፣ ከእነሱም 8ቱ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 8 ጊዜ ዋቢ ከተደረጉና ዘጠነኛው ዘጠኝ ካልሞላ፣ ኤች-ኢንዴክሱ 8 ነው። መለኪያው ብልሃት አለው፤ አንድ ጽሑፍ ብቻ ጮሆለት ሌላው ባዶ የሆነ ሰው በቁጥሩ ብዙ አይነሣም፤ መቶ ጽሑፍ ጽፎ አንባቢ ያጣም እንደዚሁ። ሁለት ጠባዮቹ ግን ለቀዶ ሕክምና አይመቹም። አንደኛ፣ በአንድ ጽሑፍ ላይ የቱንም ያህል ደራሲ ቢሰለፍ እያንዳንዱ ሙሉውን ዋጋ ይወስዳል። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ በተፈጥሮው ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም። የሕመምተኛ ጤና ደግሞ ወደ ታች መሄድ ይችላል።

ሁለቱ መዝገቦች ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ ከፓኦሎ ማኪያሪኒ ታሪክ በላይ የሚያሳይ የለም። ጣሊያናዊው ቀዶ ሐኪም በ2008 ከባርሴሎና ሥራው ተነሥቶ ከባልደረቦቹ ጋር ላንሴት ላይ ባሳተመው ጽሑፍ ዝናው ናኘ፤ ከሟች ሰው የተወሰደ የአየር ቧንቧ በሕመምተኛዋ በራሷ ሕዋሳት ተሸፍኖ ተተክሏል የሚል ነበር። በ2010 ስዊድን የሚገኘው ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ቀጠረው። ከዚያ በ9 ጁን 2011 አይስላንድ ውስጥ ይማር ለነበረ፣ በአየር ቧንቧው ላይ ዕጢ ተመልሶ ለበቀለበት የ36 ዓመት ኤርትራዊ ከፕላስቲክ መሰል ቁስ የተሠራ ቧንቧ ተከለለት። ቧንቧው ከመተከሉ በፊት ከሰውየው መቅኒ በተወሰዱ ሕዋሳት ተነክሮ ነበር፤ ሕዋሳቱ ተባዝተው ሰው ሠራሹን ቧንቧ ሕያው ያደርጉታል ተብሎ ነበር ተስፋው። በኖቬምበር 2011፣ ቀዶ ጥገናው ከተደረገ ገና 5 ወር ሲሆነው፣ 28 ደራሲዎች የፈረሙበት ጽሑፍ ላንሴት ላይ ወጣ። ጽሑፉ ሕመምተኛው ዋና የሚባል ችግር እንዳልገጠመው፣ ከዕጢም ነፃ እንደሆነ ገለጸ። ጽሑፉ ዋቢ መደረግ ጀመረ፤ ሰውየው ግን በጃንዋሪ 2014 አረፈ።

ዋናው ነገር የሁለቱ ሰዓት ልዩነት ነው። የዋቢው ሰዓት መቁጠር የጀመረው በ5ኛው ወር ነው፤ የካርዱ ሰዓት መልሱን የሰጠው ሠላሳ ወር ሲያልፍ። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ጽሑፉ እንደ ስኬት ዞረ፤ ቆጣሪውም የሚያስተካክለው ነገር አላየም። ስሕተቱን ያወጡት ቆጠራ አዋቂዎች አልነበሩም። በ2014 አራት የካሮሊንስካ ሐኪሞች የሕመምተኞቹን መዝገብ ከፍተው ከታተሙት ጽሑፎች ጋር መስመር በመስመር አስተያዩ፤ ካርዱ የሚለውና ጽሑፉ የሚለው አልገጠሙም። ከእነሱ ቢያንስ አንዱ በ2011ዱ ጽሑፍ ላይ ስሙ የሰፈረ ደራሲ ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ የባዕድ ክስ አልነበረም። በ2015 ከውጭ የተጠራ መርማሪ ጥፋት አለ ብሎ ሲደመድም የተቋሙ ኃላፊ ድምዳሜውን ሳይቀበሉ ማኪያሪኒን ነፃ አደረጉት። በጃንዋሪ 2016 የስዊድን ቴሌቪዥን ጉዳዩን በዘጋቢ ፊልም ካቀረበ በኋላ ኃላፊው ከሥልጣን ለቀቁ። ተቋሙ ራሱ ጥፋቱን ያመነው በ2018 ነው፤ ላንሴትም ያኔ የ2011ዱን ጽሑፍ ሻረ። የ2008ቱ እስከ 2023 ቆየ። በዚያው 2023 የስዊድን ይግባኝ ፍርድ ቤት ማኪያሪኒ በሦስት ሕመምተኞች ላይ ከባድ የአካል ጉዳት አድርሷል ብሎ 2 ዓመት ከ6 ወር እስራት ፈረደበት። ከቀዶ ጥገናው እስከ ፍርዱ 12 ዓመት ማለት ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ እዚህ ላይ ይመጣል፦ አንድ አጥፊ ይዞ ሙሉውን መለኪያ መውቀስ ምን ይባላል? ገበያ ውስጥ አንድ የተበላሸ ሚዛን ቢገኝ ሚዛን ሁሉ አይጣልም። ተቃውሞው ተገቢ ነው፣ ግን ክርክሩን አይነካውም። ቆጠራው ማኪያሪኒን አጥፊ አድርጎታል አላልንም፤ ያልነው ቆጠራው አጥፊውን ከቅኑ ሊለይ አልቻለም ነው። ያለ አንዳች ማጭበርበርም ክፍተቱ እንዳለ ነው። ሪቻርድ ሆርተን፣ የዚሁ የላንሴት ዋና አዘጋጅ፣ በ1996 ዘጠኝ የቀዶ ሕክምና ጆርናሎችን ፈትሾ ከጽሑፎቹ ግማሽ የሚጠጉት “እነዚህን ሕመምተኞች ቀደድን፣ እንዲህ ሆኑ” የሚሉ ተራ ዘገባዎች ሆነው አገኛቸው፤ ሕመምተኞችን በዕጣ ከፍለው ያነጻጸሩት 7 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ጽሑፉንም “የቀዶ ሕክምና ምርምር ወይስ አስቂኝ ኦፔራ” የሚል ጥያቄ ያዘለ ርእስ ሰጠው። አነጻጻሪ የሌለው አጭር ዘገባ በሐቀኛ ሐኪም እጅም ቢጻፍ የሚነግረን የመጀመሪያዎቹን ወራት ነው፤ ዋቢ የሚሰበስበውም ያኔውኑ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ሳይንስ ራሱን ያርማል፣ የተሳሳተ ጽሑፍ ከጊዜ በኋላ ዋቢ ያጣል የሚል ነው። መልሱን ከሌላ በቀዶ ሕክምና ከሠለጠነ ሐኪም እናገኛለን። አንድሩ ዌክፊልድ በ1998 በ12 ሕፃናት ላይ ተመሥርቶ ላንሴት ላይ ባወጣው ጽሑፍ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባት ከኦቲዝም ጋር የተያያዘ የሚመስል ጥርጣሬ ዘራ። ጽሑፉ በ2010 ተሻረ፤ የእንግሊዝ የሕክምና ምክር ቤትም በዚያው ዓመት የሙያ ፈቃዱን ነጠቀው። ዋቢ አጣ ማለት ግን አይደለም። ከ1,000 በላይ የሆኑ ዋቢዎቹን አንድ በአንድ የመረመረ በ2019 የወጣ ጥናት ከአሥሩ ሰባት ያህሉ ጽሑፉን የሚነቅፉ እንደሆኑ አሳየ። የሳይንስ ማኅበረሰብ በእርግጥ ራሱን አርሟል፤ የታረመው ግን በቃል ነው፣ ቁጥሩ ነቀፌታውንም እንደ ክብር ደመረው። የጠበቆቹ ማውጫ ቢሆን ከጎኑ “ተሽሯል” የሚል ምልክት ያኖርበት ነበር።

ይህ ማለት ብዙ ዋቢ ያለው ሥራ ሁሉ ይጠርጠር ማለት አይደለም። ዳንኤል ዲንዶና ፒየር-አሌን ክላቪየን በ2004 አናልስ ኦፍ ሰርጀሪ ላይ ያወጡት ጽሑፍ በቀዶ ሕክምና ውስጥ እጅግ ከተጠቀሱት አንዱ ነው፤ ዋቢዎቹ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። ጽሑፉ አዲስ ቀዶ ጥገና አልፈለሰፈም። በ6,336 ሕመምተኞች ላይ የፈተነው ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚመጡ ችግሮችን በአምስት ደረጃ የመመደቢያ ዘዴ ነው፤ መመዘኛውም ችግሩን ለማከም ምን እንዳስፈለገ ነው። ተራ ማስታገሻ የበቃው አንደኛ ደረጃ ነው፤ መድኃኒት ወይም ደም ያስፈለገው ሁለተኛ፤ ተመልሶ ቀዶ ጥገና ወይም ሌላ ጣልቃ ገብነት የጠየቀው ሦስተኛ፤ ለሕይወት አስጊ ሆኖ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ያስገባው አራተኛ፤ ሞት አምስተኛ። ከዚያ በፊት “ቀላል ችግር ገጠመን” የሚለው የአንዱ ሐኪም ቃል ለሌላው ምን ማለት እንደሆነ አይታወቅም ነበር። ጽሑፉ የተጠቀሰው በየሆስፒታሉ ያሉ ሰዎች ክፉውን ነገር በአንድ ቋንቋ ለመመዝገብ ስለተጠቀሙበት ነው። እዚህ ላይ ዋቢውና ካርዱ ተገናኝተዋል፤ ቁጥሩ የሚቆጥረው ጽሑፉ ስንት ካርድ እንዳስተካከለ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ ስንት ጊዜ ተጠቀሰ የሚለው ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ለምን ጉዳይ ተጠቀሰ የሚለው መከተል አለበት።

ተቃራኒውን ስሕተት ደግሞ ከኡጋንዳ እንይ። ዴኒስ ቡርኪት በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል የሚሠራ አየርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም ነበር። በ1957 በመንጋጋው አራት ማዕዘን ሁሉ እብጠት የወጣበት ሕፃን አሳዩት፤ ጥቂት ቆይቶ ጂንጃ ላይ ሌላ እንዲሁ ያለ ልጅ አየ። ካርዶችን ማገላበጥ ጀመረ፤ የመንጋጋው እብጠትና በሌሎች ሕፃናት ሆድ ውስጥ የሚገኙት ዕጢዎች የአንድ በሽታ ሁለት ገጽ መሆናቸውን ተረዳ። በ1958 በብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ሰርጀሪ ያሳተመው ጽሑፍ በመጀመሪያ ብዙ አንባቢ አልቀሰቀሰም። በ1961 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በአሮጌ መኪና 10 ሳምንት፣ 10,000 ማይል ያህል ተጉዞ በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ ያሉ ሆስፒታሎችን “ይህን አይታችኋል?” እያለ ጠየቀ። መልሶቹ ካርታ ላይ ሲሰፍሩ በሽታው በእኛ አባባል የቆላ እንጂ የደጋ አለመሆኑ ታየ፤ ሙቀትና ዝናብ በሚበዛበት፣ ወባም በሚነግሥበት ምድር ይገኛል። በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ ንግግሩን የሰማው አንቶኒ ኤፕስታይን ነገሩ ቫይረስ ይሸታል ብሎ ከዕጢው ናሙና ማፈላለግ ጀመረ፤ በ1964 ከባልደረቦቹ ጋር ኤፕስታይን-ባር የሚባለውን ቫይረስ አገኘ። ከሰው ካንሰር ጋር የተቆራኘ የመጀመሪያው ቫይረስ ሆነ። ዛሬ የ1958ቱ ጽሑፍ ከታላላቆቹ ይቆጠራል። “እንግዲህ መልካም ሥራ ውሎ አድሮ ዋቢውን ያገኛል” ቢባል እውነት ነው፤ ችግሩ ሹመትና ገንዘብ የሚወሰነው ውሎ አድሮ ሳይሆን ዛሬ መሆኑ ላይ ነው። በ1960 የቡርኪትን ዋቢ የቆጠረ ኮሚቴ ቢኖር ኖሮ የሚያየው በሩቅ አገር ያለ፣ ጥቂት የጻፈ ሐኪም ነበር።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደው ነው። ቁጥሩን ካነሣን በቦታው ምን ይተካል? ዝምድና፣ የአለቃ ውዴታ፣ ድሮ የሚያውቅ ወዳጅ የጻፈው የምስክር ደብዳቤ። ለማንም ዘመድ ያልሆነ፣ በታዳጊ አገር የሚሠራ ወጣት ሐኪም ቢያንስ ቁጥሩ አያዳላበትም። ይህ ክርክር ክብደት አለው፤ ቁጥር ይጣል የሚል ሰውም ሊመልሰው ይገባል። ነገር ግን የካሮሊንስካው ቅጥር ራሱ የሚያሳየው ቁጥር ውዴታን እንደማይከለክል ነው። በ2016 ጉዳዩን ያጠናው ገለልተኛ ምርመራ ከቀድሞ ሥራ ቦታዎቹ የመጡ አሉታዊ ምስክርነቶች ወደ ጎን እንደተተዉ አረጋግጧል። አንጸባራቂ የኅትመት ዝርዝር ለአለቃ ውዴታ ልጓም ሳይሆን ልብስ ሆነለት። በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተነሣው፣ ዶራ በመባል የሚታወቀው መግለጫም የጠየቀው ቁጥር እንዲሰረዝ አልነበረም፤ ጆርናሉ በስሙ ስላገኘው ቁጥር ተብሎ የአንድ ሰው ሥራ እንዳይመዘን፣ ሥራው ራሱ እንዲነበብ ነበር።

ለቀዶ ሐኪም “ሥራው ራሱ” ምን ማለት ነው? ይህን ከመቶ ዓመት በፊት የመለሰ ሰው ነበር። የቦስተኑ ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ኮድማን እያንዳንዱ ሆስፒታል ያከመውን እያንዳንዱን ሰው ሕክምናው መሳካት አለመሳካቱ እስኪታወቅ ድረስ ይከተል፣ ካልተሳካም ምክንያቱን ይመርምር የሚል ሐሳብ ነበረው። ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ በኪስ የሚያዝ ካርድ አበጀ፤ በላዩም ከሕክምናው በፊት የታየው ምልክት፣ የተደረገው ነገር፣ የገጠመው ችግርና ከአንድ ዓመት በኋላ የተገኘው ውጤት ይሞላል። የራሱን ትንሽ ሆስፒታል ከፍቶ ከ1911 እስከ 1916 የታከሙ 337 ሰዎችን ውጤት በአደባባይ አሳተመ፤ ከእነዚያ ውስጥ 123 ስሕተቶችን ራሱ ቆጥሮ፣ የእውቀት ጉድለት ነው፣ የፍርድ ስሕተት ነው፣ የመሣሪያ እጥረት ነው እያለ መደባቸው። ባልደረቦቹ አልወደዱለትም። በ1915 በስብሰባ ላይ ራሷን አሸዋ ውስጥ ቀብራ የወርቅ እንቁላል የምትጥል ሰጎን የሚያሳይ ካርቱን ገልጦ በቦስተን ሐኪሞች ላይ ካሾፈ በኋላ ቦታዎቹን አጣ። በ1940 ሲሞት መቃብሩ ስም አልነበረበትም፤ የስም ድንጋይ የቆመለት በ2014 ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንዲሉ፣ ዛሬ የሕክምና ጥራት መቆጣጠር ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው እሱ ነው።

ካርዱም ግን ያለ ጉድለት አይደለም። ኒው ዮርክ ግዛት ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የልብ ቀዶ ሐኪሞችን የሞት መጠን በስም ሲያትም፣ ሐኪሞች ቁጥራቸው እንዳይበላሽ የከፋ ሕመምተኛ ይሸሻሉ የሚል ስጋት ተነሥቶ እስካሁን አከራካሪ ነው። ውጤት ብቻ የሚቆጠር ከሆነ ቀላሉን መርጦ ማከም ጀግንነት ይመስላል። የአዲስ አበባው የፌስቱላ ሆስፒታል ታሪክ የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው። ዶክተር ካትሪንና ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን በ1959 ኢትዮጵያ መጥተው በ1974 ሆስፒታሉን የከፈቱት በረጅም ምጥ ተጎድተው ሌላው ያልተቀበላቸውን እናቶች ለማከም ነበር፤ ከ60,000 በላይ ሴቶች ታክመውበታል። ሃምሊኖች ስለ ቀዶ ዘዴያቸው ጽፈዋል፣ ሥራቸውን ግን በጽሑፎቹ ቁጥር መለካት ሙከራው ራሱ ያስቃል። ከእነሱ ጎን የቆሙት ማሚቱ ጋሼ በዚሁ ጉዳት ታካሚ ሆነው የመጡ፣ ትምህርት ቤት ያልገቡ ሴት ናቸው፤ ቀዶ ጥገናውን ከጠረጴዛው አጠገብ ቆመው ተማሩ፣ ከዚያም ለመጡ ሐኪሞች አስተማሩት። በ1989 ከሃምሊኖች ጋር የለንደኑ ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለሙ። ይህን ችሎታ ኤች-ኢንዴክስ በምን ዓምድ ያስገባው? የሚያስገባው ካርዱ ነው፤ ሕመምተኛዋ በምን ሁኔታ መጣች፣ በምን ሁኔታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ስለዚህ የአንድን ተመራማሪ ቀዶ ሐኪም የኅትመት ዝርዝር የሚያነብ ሰው ቁጥሩን አይቶ አይቁም፣ ቁጥሩንም አይጣል፤ እንደ ጠበቃው ይጠይቅ። በጣም የተጠቀሱትን ጥቂት ጽሑፎች መርጦ ያንብብ፤ የተጠቀሱት እንደ መሣሪያ ነው፣ እንደ ማስረጃ ነው ወይስ እንደ ማስጠንቀቂያ? ሕመምተኞቹ ስንት ነበሩ፣ ለምን ያህል ጊዜ ክትትል ተደረገላቸው፣ የቀሩትስ የት ገቡ? ተከታዩ ጽሑፍ የመጀመሪያዎቹን ሕመምተኞች ያነሣል ወይስ ረስቷቸዋል? በ2009 በላንሴት ላይ አይዲያል በሚል ስም የወጣው የአዲስ ቀዶ ሕክምና ምዘና ሥርዓት የመጨረሻ ደረጃው የረጅም ጊዜ ክትትል መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም።

የኮድማን ካርድ ከሁሉ በላይ የሚጠይቀው አንድ ዓመት መታገሥን ነው። በዚያ ሕግ ቢሆን ኖሮ የ2011ዱ ጽሑፍ ከጁን 2012 በፊት አይወጣም ነበር። ጽሑፉ በወጣበት በኖቬምበር 2011 ማኪያሪኒ ለሁለተኛ ሰው ተመሳሳይ ቧንቧ ተከለ፤ ሰውየው በማርች 2012 ሞተ። የካሮሊንስካ ሦስተኛዋ ሕመምተኛ በኦገስት 2012 ጠረጴዛው ላይ ወጣች። ጁን 2012 ማለት ከሁለተኛው ሰው ሞት ሦስት ወር በኋላ፣ ከሦስተኛዋ ቀዶ ጥገና ሁለት ወር በፊት ነው። ደራሲው ያን ጊዜ ብዕሩን ቢያነሣ ከፊቱ ሁለት ካርዶች ይኖሩ ነበር፤ አንደኛው ተዘግቷል።